በሐምሌ ልክ የተሰፋ ውሳኔ፦ ትንሽ ልማድ ትልቅ ዕቅድን የሚያቆየው እንዴት ነው?

ደሴ ላይ ጳጉሜን ገብቶ በጦሳ ተራራ ጫፍ የከረመው ጉም መሳሳት ሲጀምር በየቤቱ ተመሳሳይ ንግግር ይሰማል። አንዱ ከመስከረም 1 ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሊሮጥ ይወስናል፤ ሌላዋ ከደመወዟ ሲሶውን ልትቆጥብ ታስባለች፤ ተማሪው በየማታው ሦስት ሰዓት ሊያጠና ከራሱ ጋር ይዋዋላል። ቃሉ ከልብ የተገባ ነው። ሆኖም ደመራው ተለኩሶ፣ የግሸን ማርያም ተጓዥ በከተማዋ አልፎ ተመልሶ፣ የጥቅምት ብርድ ሲከተል ከዚያ ቃል የተረፈውን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከውሳኔው መፍረስ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሰውየው ከዚያ ተነሥቶ በራሱ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። «እኔ ድሮም ጽናት የለኝም» ይላል፤ የሚቀጥለውን ዓመትም ይህንኑ ፍርድ ተሸክሞ ይጀምራል።

ፍርዱ በአብዛኛው ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ልብስ ሰፊ ሜትሩን የሚዘረጋው ልብሱን በሚለብሰው ሰው ላይ ነው፤ የአዲስ ዓመት ውሳኔ ግን የሚለካው በመስከረም 1 ሰው ነው፦ ባረፈ፣ ዘመድ በተሰበሰበለት፣ ሰማዩ በጠራለት ሰው። ውሳኔውን ለብሶ የሚውለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፦ ሐምሌ ላይ በዝናብና በጭቃ ከሥራ የተመለሰ፣ ልጁ ያተኮሰችበት፣ መብራት የጠፋበት፣ የወሩ ገንዘብ ያለቀበት ሰው። ሁለቱ በስም አንድ ቢሆኑም በጉልበት አንድ አይደሉም። ስለዚህ ልብሱ ጠብቦ ሲቀደድ ጥፋቱ የለባሹ ሳይሆን የልኩ ነው።

እርግጥ ነው፣ በአዲስ ዓመት መወሰን በራሱ ከንቱ ነገር አይደለም። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ሰዎች በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ መሄዳቸው ከሌላው ጊዜ እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ አዲስ ምዕራፍ የጀመርን ሲመስለን ያለፈውን ድካማችንን ከኋላችን እንተዋለን። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ኖርክሮስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባልደረባቸው ጋር የአዲስ ዓመት ውሳኔ ያደረጉ 200 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ 77 በመቶው በውሳኔያቸው ጸንተው ተገኙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የቀሩት 19 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሳምንት ስለ ሰውየው ብዙ አይነግረንም። ማወቅ የሚገባን ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የሚያሻግረው ምን እንደሆነ ነው።

የሚያሻግረው ልማድ ነው። ልማድ የሚለውን ቃል በየዕለቱ ስለምንጠቀምበት ትርጉሙን የምናውቀው ይመስለናል፤ ነገር ግን ልማድ ማለት ብዙ ጊዜ የተደረገ ነገር ብቻ አይደለም። አንድን ተግባር በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ምልክት ተቀስቅሰን ደጋግመን ስንፈጽመው፣ ውሎ አድሮ ምልክቱ ሲመጣ ተግባሩ ያለ ውሳኔና ያለ ክርክር ይከተላል። ይህን ለመረዳት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ይዞ የሚወጣን ሰው እናስብ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በመካከሉ የሚወጣው ከፍታ ብዙ ነው። አዲሱ ሾፌር መሪውን አጥብቆ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ ማርሹን ያስባል፤ አብሮት የተቀመጠው ሰው ቢያናግረው አይሰማም። በመስመሩ ላይ ዓመታት የሠራው የሚኒባስ ሾፌር ግን ስለ ጤፍ ዋጋ እየተጫወተ ይወጣዋል፤ ደሴ ሲደርስም ኩርባዎቹን እንዴት እንዳለፋቸው አንድ በአንድ አያስታውስም። ዳገቱ አልቀለለም። ሥራው ግን ከሚያስበው የአእምሮ ክፍል ወደ ለመደው ክፍል ተዛውሯል።

ይህ መዛወር ምሳሌ ብቻ ሳይሆን በአንጎል ውስጥ የሚታይ ነገር ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የአን ግሬቢየል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አይጦች ቸኮላት ለማግኘት በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ሲመላለሱ በአንጎላቸው ጥልቅ ክፍል ያሉትን ሕዋሳት እንቅስቃሴ መዝግቦ ነበር። መንገዱን ገና ሲማሩ ሕዋሳቱ ከመነሻ እስከ መድረሻ ይሠሩ ነበር፤ መንገዱ ልማድ ከሆነ በኋላ ግን እንቅስቃሴው በጉዞው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ተሰበሰበ። አንጎል ሙሉውን ጉዞ እንደ አንድ ነጠላ ነገር ጠቅልሎ ያዘው ማለት ነው። የሰውም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዌንዲ ውድ የተባሉት ተመራማሪ ሰዎች በየሰዓቱ የሚያደርጉትን እንዲመዘግቡ ባደረጉት ጥናት፣ ከዕለት ተግባር 43 በመቶ ያህሉ በየቀኑ በሚባል ደረጃ በተመሳሳይ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜም ሐሳብ ሌላ ነገር ላይ ሆኖ የሚፈጸም መሆኑን አግኝተዋል። አባቶች «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ሲሉ የነቀፉት ይህንኑ ኃይል ነው፤ ኃይሉ ግን ለክፉም ለደግም እኩል ይሠራል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙ ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል፦ ፍላጎትን ማጋጋል ልማድን አይተክልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ የታተመ አንድ ጥናት ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን ምንም የተለየ ነገር አልተደረገለትም፤ ሁለተኛው የሰውነት እንቅስቃሴ ለልብ ጤና ያለውን ጥቅም የሚያስረዳ ጽሑፍ አነበበ፤ ሦስተኛው ያንኑ ጽሑፍ አንብቦ በተጨማሪ በመጪው ሳምንት በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቦታ እንቅስቃሴ እንደሚሠራ በወረቀት ላይ ጻፈ። በሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንቅስቃሴ የሠሩት ከመጀመሪያው ቡድን 38 በመቶ፣ ከሁለተኛው 35 በመቶ፣ ከሦስተኛው 91 በመቶ ነበሩ። ምክሩን አንብቦ ከተነሣው ሰው ይልቅ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ የወሰነው ሰው እጅግ በልጦ ተገኘ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉት ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ለዚህ ዓይነቱ ዕቅድ ቀላል መልክ ሰጥተውታል፦ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ»። እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረባቸው ጋር 94 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩም የዚህ ዓይነት ዕቅድ ግብን ለማሳካት ያለው እገዛ ከመካከለኛ በላይ መሆኑን አረጋግጠዋል።

እኛ በወሎ ይህን ከሌላ ቦታ መማር አያስፈልገንም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የደሴ ሰው ቀን እንዲሁ የተዘረጋ ሜዳ አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ ምሰሶ የተተከለበት ነው። ሱብሂ፣ ዙሁር፣ አስር፣ መግሪብና ኢሻ አምስት ምሰሶዎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የረቡዕና የዓርብ ጾም፣ የየወሩ የመድኃኔ ዓለምና የማርያም ቀን ሌሎች ምሰሶዎች ናቸው። የቡናው አቦል፣ ቶናና በረካ ደግሞ ለሁሉም የጋራ ነው። አንድ ሙስሊም ጎረቤቴ በአንድ ወቅት ስለዚህ ጉዳይ ስንጫወት ከነቢዩ ሐዲሶች መካከል፣ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ የሚናገረውን አስታወሱኝ፤ የዘመኑ ተመራማሪዎች በቁጥር የደረሱበትን ነገር ምእመናን በየዕለቱ ሲኖሩበት ቆይተዋል። ሰጋጁ ውዱእ ለማድረግ በየቀኑ አዲስ ውሳኔ አይወስንም፤ አዛኑ ሲሰማ እጁ ወደ ውሃው ይሄዳል።

ስለዚህ አዲስ ነገር ለመትከል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ላድርግ?» ብሎ ሳይሆን «በየትኛው ምሰሶ ላይ ላንጠልጥለው?» ብሎ ነው። «በየቀኑ አነባለሁ» የሚል ውሳኔ መንጠልጠያ የለውም፤ ቀኑ በሙሉ የእርሱ ስለሆነ የትኛውም ሰዓት የእርሱ አይደለም። «አቦል ተቀድቶ ስኒውን ስይዝ አንድ ገጽ አነባለሁ» የሚለው ግን መንጠልጠያ አለው። «ውሃ በብዛት እጠጣለሁ» ከማለት «ከሱብሂ ሰላት እንደተመለስኩ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ» ማለት ይሻላል። «እቆጥባለሁ» ከማለት «ደመወዝ በገባበት ቀን፣ ከባንክ ሳልወጣ ሁለት መቶ ብር ወደ ቁጠባው አዛውራለሁ» ማለት ይበልጣል። መንጠልጠያው ጊዜውን ጠብቆ በእርግጥ የሚከሰት፣ ግልጽ የሆነና አዲሱ ተግባር በሚፈጸምበት ቦታ የሚገኝ ሊሆን ይገባል። «ሥራ ሲቀለኝ» የሚባል ምሰሶ ሲፈልጉት አይገኝም።

ቀጥሎ የመጠኑ ጥያቄ ይመጣል፤ እዚህ ላይ የሐምሌ ልክ የምለው ነገር ይገባል። የተግባሩ መጠን መወሰን ያለበት በዓመቱ ውስጥ ካሉት ቀናት ሁሉ በከፋው ቀን ሊፈጸም በሚችልበት ልክ ነው። እኔ ራሴ በአንድ መስከረም ላይ በየማለዳው ለአንድ ሰዓት ወደ አዝዋ ገደል አቅጣጫ በእግር ለመሄድ ወስኜ ነበር። 12 ቀን ሄድኩ፤ በ13ኛው ቀን ሌሊቱን ስለታመምኩ ቀረሁ፤ በ14ኛው ቀን አንድ ሰዓት የሚባለው ነገር ከትናንቱ ይልቅ ረዝሞ ታየኝ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። ከዓመታት በኋላ እንደገና ስጀምር ግዴታዬን ጫማዬን አስሬ ከደጄ እስከ አስፋልቱ ደርሼ መመለስ ብቻ አደረግኩት፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከሄድኩ በኋላ ደስ ካለኝ እቀጥላለሁ፤ ካላለኝ እመለሳለሁ፤ በሁለቱም መንገድ ቀኑ እንደተፈጸመ ይቆጠራል። በዚያ ዓመት ሐምሌን ተሻገርኩ፤ ጃንጥላ ይዤ ነበር፤ ብዙውን ቀን ከአስፋልቱ አላለፍኩም፤ ግን አልተቋረጠም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያነሣው ተቃውሞ ተገቢ ነው፦ አምስት ደቂቃ መራመድ፣ አንድ ገጽ ማንበብ ምን ይጠቅማል? በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሰውነትም ለእውቀትም የሚጨምረው በእርግጥ ትንሽ ነው። በእነዚያ ወራት የምንገነባው ግን ጡንቻ ሳይሆን ምልክቱንና ተግባሩን የሚያገናኘውን ክር ነው፤ ክሩ የሚጠነክረው በድግግሞሽ ብዛት እንጂ በተግባሩ ርዝመት አይደለም። አንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት ያጠና ተማሪ አንድ ጊዜ ደገመ፤ ለሠላሳ ቀን አሥር አሥር ደቂቃ የተቀመጠ ተማሪ ሠላሳ ጊዜ ደገመ። ወንበሩ፣ መብራቱና ደብተሩ በራሳቸው የሚጠሩት ሁለተኛውን ነው። መጠኑን ማሳደግ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው፤ በእኔ አስተያየት ማሳደግ ያለብንም ጥሩ ሳምንት ስላሳለፍን ሳይሆን ተግባሩ በበርካታ መጥፎ ቀናት ሳይቀር መፈጸሙን ካየን በኋላ ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለው ጥያቄ ብዙ የተሳሳተ መልስ የተሰጠበት ነው። 21 ቀን ይበቃል የሚለው አነጋገር በሰፊው የተሰራጨው ማክስዌል ማልትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ከጻፉት ነገር ተነሥቶ ነው። እርሳቸው የተናገሩት ታካሚዎቻቸው ከተለወጠ መልካቸው ጋር ለመላመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው መታዘባቸውን ነበር፤ «ቢያንስ» የሚለው ቃል በጊዜ ብዛት ወደቀና 21 ቀን ሕግ መሰለ። በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ግን 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትሏል። እያንዳንዳቸው አንድ የመብላት፣ የመጠጣት ወይም የእንቅስቃሴ ተግባር መርጠው በየቀኑ ከአንድ ቋሚ ምልክት በኋላ እንዲፈጽሙ ተደረገ። ተግባሩ ያለ ማሰብ የሚፈጸምበት ደረጃ ላይ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ መካከለኛ ቁጥር 66 ቀን ሲሆን ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር፤ ከጥናቱ ጊዜ የሚያልፈው ቁጥር በስሌት የተገመተ ነው። ውሃ እንደመጠጣት ያሉ ቀላል ተግባራት ቶሎ ሲለመዱ የሰውነት እንቅስቃሴ ዘግይቷል።

እነዚህን ቁጥሮች በራሳችን የቀን መቁጠሪያ ላይ ብናስቀምጣቸው ትርጉማቸው ይበልጥ ይታያል። መስከረም 1 ለጀመረ ሰው 21ኛው ቀን የግሸን ማርያም ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ ገና ሁሉም ነገር ጥረት የሚጠይቅበት ወቅት ስለሆነ «ሃያ አንዱን ቀን ጨረስኩ፤ አሁንም ይከብደኛል» ብሎ የሚተው ሰው የሚተወው በ66 ቀኑ መንገድ ሲሶ ላይ ሆኖ ነው። 66ኛው ቀን ኅዳር 6፣ የጽጌ ጾም አልቆ ቁስቋም የሚከበርበት ዕለት ነው። 254ኛው ቀን ደግሞ ግንቦት 14 ላይ ይውላል። ስለዚህ ጥር ላይ ሆኖ ገና ያልቀለለው ሰው ከሌላው የተለየ ደካማ ሳይሆን ምናልባት ከባድ ተግባር የመረጠ ሰው ነው።

ስለ መሳት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙዎችን የሚጥላቸው ይህ ነውና። በላሊ ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን እድገት የሚያናጋ ሆኖ አልተገኘም። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የኖርክሮስ ጥናትም በመጨረሻ ከተሳካላቸው ሰዎች መካከል 53 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ስተው ነበር፤ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ የመሳት አማካይ ቁጥርም 14 ነበር። አሥራ አራት ጊዜ! ያጸናቸው አለመሳታቸው አይደለም፤ ከሳቱ በኋላ መመለሳቸው ነው። የጾመ ሰው በስሕተት ውሃ ቢጠጣ ቀሪውን የጾም ወቅት በሙሉ አይተውም፤ በውሳኔው ላይ ግን ብዙዎቻችን አንድ ቀን ስንስት ቀሪውን ዓመት አብረን እንጥለዋለን። ለዚህ የሚረዳው መመለሻውን አስቀድሞ መወሰን ነው፦ «አንድ ቀን ካመለጠኝ በማግስቱ ትንሹን መጠን ብቻ አደርጋለሁ፤ ለማካካስ አልጨምርም»። ማካካሻ የሚባለው ነገር ተግባሩን ወደ ዕዳ ይለውጠዋል፤ ዕዳ ደግሞ ሰው የሚሸሸው ነገር ነው።

ብቻን መጽናት የከበደው ሰው ዕቁብን ይመልከት። ለብቻው መቆጠብ ያቃተው ነጋዴ ዕቁብ ውስጥ ሲገባ ሳምንት ሳያዛንፍ ይጥላል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጡት ሁኔታዎቹ ናቸው። ቀኑ የታወቀ ነው፤ መጠኑ ከአቅሙ ጋር ታስቦ የተወሰነ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ሌላ ወጪ ሳይሄድ አስቀድሞ ይወጣል፤ ዳኛውና ጸሐፊው ያውቁታል፤ ቢቀር የሚጠይቀው ሰው አለ። ይህንኑ አሠራር ለንባብም ለእግር ጉዞም መዋስ ይቻላል፤ በየማታው «ዛሬ አንብበሻል?» የሚል አንድ ወዳጅ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

መጥፎ ልማድን መተው ከመትከል የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ክሩ አይበጠስም፤ ምልክቱን ግን መራቅ ይቻላል። ከቬትናም ጦርነት በሄሮይን ሱስ ተይዘው የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮችን ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲከታተሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱሰኛ የሆኑት ጥቂቶች ብቻ ሆነው አገኟቸው፤ ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ቦታው፣ ጓደኛውና ጊዜው ሁሉ መለወጡ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት የመቃም ልማዱን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰውም እዚያው ክፍል፣ እዚያው ፍራሽ ላይ፣ ከእነዚያው ጓደኞች ጋር ተቀምጦ እጁን ብቻ ለመከልከል ቢሞክር የሚታገለው ከክፍሉ ሁሉ ጋር ነው፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ የሚያውለውን ሥራ ቢያበጅ ይቀለዋል። የዚህ ተቃራኒም እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ከቤቱ የተፈናቀለ ሰው መልካም ልማዶቹም ከቤቱ ጋር ቀርተውበታል፤ ሲመለስ እንደገና «ሀ» ብሎ ቢጀምር ሊያፍርበት የሚገባ ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ ቀኑ ቋሚ ለሆነለት ሰው ነው የሚል ካለ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራውን ሰው ማሰብ ያስፈልጋል። በዚህ ሳምንት ጠዋት ገብቶ፣ በሚቀጥለው ማታ፣ ከዚያ ሌሊት ለሚገባ ሠራተኛ «በ12 ሰዓት» የሚል ውሳኔ በየሳምንቱ ይፈርስበታል፤ የሰዓት ምሰሶ ለእርሱ አይቆምም። በየፈረቃው የማይለወጥ ነገር ግን አለ፦ የሥራ ልብሱን ያወልቃል፤ ታጥቦ ይበላል፤ ሳይተኛ በፊት ስልኩን ይሰካል። ልጁን የሚያስጠና ከሆነ ሳህኑ እንደተነሣ አንድ የሒሳብ ጥያቄ አብሮ መሥራት፣ ቋንቋ የሚማር ከሆነ ስልኩን ከመሰካቱ በፊት ሦስት ቃል መጻፍ ይችላል። ሰዓቱ ከቀትርም ይሁን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ሳህኑ መነሣቱ አይቀርም።